ጥሪት አጠር ቋንቋ፦ ወላይትኛ በማሽኖች ዘመን

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያጠኑ ሰዎች በሚጽፉት ውስጥ አንድ ስያሜ ደጋግሞ ይመጣል፤ «ሎው ሪሶርስ ላንጉጅ» ይሉታል። እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛና ስፓኒሽ ከዚህ ስያሜ ውጭ ናቸው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ በሥሩ ይመደባሉ። በአማርኛ ሲጻፍ አንዳንዱ «ዝቅተኛ ሀብት ያለው ቋንቋ» ይለዋል፤ ሌላው «አነስተኛ ሀብት» ይላል። ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ። ይህን ያነበበ ሰው ድህነቱ የቋንቋው ነው፣ ቃላት ያጥሩታል፣ ለዘመናዊ ነገር አይመችም ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ስያሜው የሚለካው ግን ማሽን ሊማርበት በሚችል መልክ ተሰብስቦ የተቀመጠው የጽሑፍና የድምፅ ክምችት ምን ያህል እንደሆነ ነው። ስለዚህ «ጥሪት አጠር ቋንቋ» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

«ጥሪት» ሰው ሠርቶና ቆጥቦ ለክፉ ቀን የሚይዘው ነው። ይሰበሰባል፣ ይቋጠራል፣ ካልተጠበቀም ይሟጠጣል። «አጠር» የሚለውን ደግሞ ከግብርና ባለሙያዎች አፍ እናውቀዋለን፤ «ዝናብ አጠር»፣ «እርጥበት አጠር» ይላሉ። በወላይታ ዞን ሁምቦንና ዱጉና ፋንጎን የመሰሉ ቆላማ ቦታዎች በዚህ ስም ሲጠሩ አርሶ አደሩ ሰነፈ ወይም መሬቱ ሞተ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ይገነዘባል። ውኃ ሲደርሰው ያው መሬት ያበቅላል። የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የጎደለው ከውጭ የሚመጣና የሚሰበሰብ ነገር ነው። ተቃራኒውን «ባለጥሪት ቋንቋ» ልንለው እንችላለን።

ስያሜውን ከሌላ ስያሜ ጋር አለመቀላቀል ያስፈልጋል። «ለመጥፋት የተቃረበ ቋንቋ» የሚባለው ተናጋሪዎቹ እያለቁ ያሉት ነው። ወላይትኛ ከዚህ ወገን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ብለው አስመዝግበውታል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ ሲጨመር ቁጥሩ ብዙ ከፍ ይላል። ሕፃናት ይናገሩታል፣ በትምህርት ቤት ይማሩታል፣ በሶዶ ከተማ ገበያ ይከራከሩበታል። በአንጻሩ አይስላንድኛን የሚናገሩት 400 ሺህ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም የአገሪቱ መንግሥት የቻትጂፒቲን ሠሪ ኦፕንኤአይን አነጋግሮ፣ ወደ 40 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጂፒቲ-4 ሲወጣ ቋንቋው ተለይቶ እንዲሠራበት አደረገ። ቋንቋን ባለጥሪት የሚያደርገው የተናጋሪዎቹ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማሽኑ ጥሪት ለምን ይፈልጋል? ቻትጂፒቲን የመሰሉ፣ «የቋንቋ ሞዴል» የሚባሉ ሥርዓቶች የሰዋስው ሕግ እየተነገራቸው አይማሩም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይቀርብላቸውና ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ይገምታሉ፤ ሲስቱ ይታረማሉ፤ ይህ ቢሊዮን ጊዜ ሲደጋገም የቋንቋው ጠባይ በውስጣቸው ይሰርጻል። ብዙ ያነበቡበትን ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ጥቂት ባነበቡበት ቋንቋ ይንተባተባሉ፤ ይባስ ብሎም ሳይንተባተቡ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 ከተማረበት ጽሑፍ 93 በመቶ ያህሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ቀሪውን 7 በመቶ የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ተካፈሉት። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሲሆን በጠቅላላው 680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ሰምቶ ነበር።

ከዚህ ጎን የእኛን እናስቀምጥ። ሰሎሞን ተፈራ፣ ማርታ ይፍሩና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ ያዘጋጁትን የንግግር ክምችት አሳተሙ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ 22 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ለማሽን ትርጉም የሚሆን ትይዩ ጽሑፍ፣ ማለትም አንዱ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛና በአገር ቋንቋ ጎን ለጎን የሰፈረበት ክምችት አዘጋጅተው ነበር፤ ወላይትኛ እዚያም ውስጥ አለ። እነዚህ ሰዎች ከባዶ ተነሥተው የሠሩትን ሥራ አለማክበር አይቻልም። እነርሱ ራሳቸው ግን በ2020ው ጥናታቸው ለኦሮምኛና ለወላይትኛ ጠንካራ የቋንቋ ሞዴል ለመሥራት ተጨማሪ ጽሑፍ መሰብሰብ እንዳለበት አሳስበዋል። በ22 እና በ680 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት ከሠላሳ ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

የወላይትኛ ጥሪት ማነሱ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ከምን እንደተሠራም መታየት አለበት። ቋንቋው መጻፍ የጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች የአጻጻፍ ሥርዓት ሲያዘጋጁለት ነው። በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ በግዕዝ ፊደል የተዘጋጁ ማንበቢያዎችም ገጠር ድረስ ገቡ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ2002 ታተመ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ትምህርት ቤቶች ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ። ስለዚህ ዛሬ በወላይትኛ የተጻፈው ነገር በሁለት ፊደል ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል፤ ከዋነኞቹና ንጹሕ ሆነው ከተዘጋጁት ክፍሎች አንዱ ደግሞ ቅዱስ መጽሐፍ ነው።

የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ያወጣው ኤምኤምኤስ የተባለ የንግግር ሥርዓት ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ሊያካትት የቻለው በየቋንቋው ተነብቦ የተቀረጸ አዲስ ኪዳን በመጠቀሙ ነው። ወላይትኛ በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን። ቋንቋው እዚያ ውስጥ መግባቱ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ አዲስ ኪዳንን ብቻ ሰምቶ ያደገ ማሽን ምን ያውቃል? ንስሐን፣ መንግሥተ ሰማያትን፣ ዘሪና ማጭድን ያውቃል። የዩሪያ ዋጋ፣ የብድር ወለድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ የሚሰማው ጥድፊያ አልደረሰውም። ያነበቡለትም ስቱዲዮ ገብተው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው ነው፤ አንባቢዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። በሶዶ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ሆና የልጇን ትኩሳት የምታስረዳ እናት እንዲያ አትናገርም።

የሁለቱ ፊደሎች ጉዳይም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። «አሮጌውን የግዕዝ ጽሑፍ በኮምፒውተር ወደ ላቲን መለወጥ ነው» ብሎ የሚያስብ አለ። በወላይትኛ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣሉ። ላቲኑ ፊደሉን ሁለት ጊዜ በመጻፍ ያሳያቸዋል፤ ግዕዙ አያሳይም። እንግዲህ በ1970ዎቹ የታተመ አንድ ገጽ ወደ ላቲን እንዲገለበጥ ቃሉን ሲሰማ የሚያውቅ፣ የት እንደሚረዝምና የት እንደሚጠብቅ የሚለይ ሰው መቀመጥ አለበት። ማሽን የሚያግዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። በላቲን በሚጻፉ ብዙ የወላይትኛ ጽሑፎች፣ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ በ7 ቁጥር ይወከላል። በቃል መሐል፣ በፊደላት መካከል፣ ሰባት ቁጥር ትቀመጣለች። ለወላይታ አንባቢ ይህ የተለመደ ፊደል ነው። ለቋንቋ ሞዴል ጽሑፍ እየከታተፈ የሚያቀርበው ፕሮግራም ግን ፊደልን ከቁጥር እንዲለይ ተደርጎ በእንግሊዝኛ ልማድ ስለተሠራ፣ ብዙ ጊዜ ቃሉን ሰባቷ ላይ ሰብሮ ሦስት ቦታ ያደርገዋል። የተበላሸ ጽሑፍ ለማስወገድ የሚሠራ ማጣሪያም እንዲህ ያለ ገጽ ሲያገኝ ቆሻሻ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። ሌሎች ጸሐፊዎች ያንኑ ድምፅ በጭረት ምልክት ስለሚጽፉት አንዱ ቃል ለማሽኑ ሁለት ቃል ይሆንበታል። ከጥቂቱ ጥሪት ላይ ይህን ያህል በመንገድ ይፈስሳል። ሶዶ ላይ ያለ አንድ የቋንቋ መምህር ይህን በአንድ ቀን ያስረዳል፤ ሥርዓቱን የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ግን የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ላይ ወላይታ ከየትኛውም አካባቢ በላይ የምታውቀውን ነገር ማንሣት ግድ ይላል። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የሰሜን ኦሞ ዞን አስተዳደር ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ አንድ የማስተማሪያ ቋንቋ አዘጋጀ። የመጀመሪያ ክፍለ ቃሎቻቸው ተገጣጥመው ስሙ «ወጋጎዳ» ሆነ። ምክንያቱ ላይ ላዩን ሲታይ የሚያስኬድ ነበር፤ አራቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአራቱም ለየብቻ መጽሐፍ ማሳተም ወጪ ያበዛል። መጽሐፎቹ ታትመው በ1992 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሶዶ ተነሣች። መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች።

ወጋጎዳን የማነሣው ቁስል ለመቆስቆስ ብዬ አይደለም። ዛሬ የቋንቋ ሞዴል ሠሪዎች ለጥሪት አጠር ቋንቋዎች የሚመክሩት ዋነኛ መፍትሔ ያንኑ ይመስላልና ነው። ዘመዳም ቋንቋዎችን በአንድ ሞዴል አብሮ ማሠልጠን፣ አንዱ ያጣውን ከሌላው እንዲበደር ማድረግ። በሙያው ይህ ስም ያለው፣ በብዙ ቦታም የሠመረ ዘዴ ነው፤ አልነቅፈውም። አደጋው ግን ግልጽ ነው። በጣም የሚቀራረቡ ቋንቋዎችን ለይቶ ማወቅ ለማሽን ከባድ ነው፤ ከድረ ገጽ የተለቀመ የጋሞኛ ገጽ «ወላይትኛ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ሊገባ ይችላል። ውጤቱ ማንም አፉን ያልፈታበት፣ ለሁሉም የሚመስል፣ የማንም ያልሆነ ንግግር ይሆናል። ያኔ ወጋጎዳን ያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት የሚታወቅ ነበር፤ ሰልፍ ወጥቶ «አንሱልን» ማለት ተችሏል። ሞዴል ውስጥ የተቀላቀለውን ማን ያነሣዋል? ከሌላ አህጉር የሚሠራ ኩባንያ በር የት ተገኝቶ ይንኳኳል? ጥፋቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣም ላይታይ ይችላል። ተማሪ የቤት ሥራውን በማሽኑ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ቀጣዩ ሞዴል ያንን ጽሑፍ «ወላይትኛ» ብሎ ይማርበታል።

ይህ ሁሉ ለሰው ኑሮ ምን ማለት ነው? ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ነገ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ለባለጉዳይ መልስ የሚሰጥ ማሽን ቢያቆሙ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ጎበዝ፣ በአማርኛ ደህና፣ በወላይትኛ ግን ደካማ ሆኖ ይመጣል። አማርኛ የሚችለው የከተማ ሰው ጉዳዩን በደቂቃ ይጨርሳል። ከዳሞታ ተራራ ወርዳ የመጣችው እናት አስተርጓሚ ትፈልጋለች፤ ወይም ማሽኑ በተሰባበረ ወላይትኛ የመድኃኒት መጠን ይነግራታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። አስተርጓሚ ሰው ያልገባውን «አልገባኝም» ይላል፤ ማሽን ግን ያልገባውንም በልበ ሙሉነት ይናገራል።

ጉዳቱ ከአገልግሎት መጓደል ያልፋል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በ2021 ለብሪታንያ ፓርላማ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ ነበር፤ ስድስት ቋንቋዎች በሚነገሩባት፣ 100 ሚሊዮን ሕዝብ ባላት አገር የኩባንያው የደህንነት ሥርዓት የሚሠራው በሁለቱ ብቻ ነው ብላለች። የእኛ ቋንቋዎች ከስድስት እጅግ እንደሚበዙ አንባቢ ያውቃል። ማሽኑ የማያውቀው ቋንቋ ውስጥ ጥላቻም፣ የሐሰት ወሬም፣ ማጭበርበርም ያለ ጠባቂ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተከለከሉ ጥያቄዎችን ወደ ዙሉና ወደ ሌሎች ጥሪት አጠር ቋንቋዎች ተርጉመው ለጂፒቲ-4 ሲያቀርቡ፣ ቋንቋዎቹን እየለዋወጡ በመሞከር ከጥያቄዎቹ 79 በመቶው ላይ መከላከያውን ማለፍ ችለዋል። በዚህ በኩል የአንድ ቋንቋ ጥሪት ማጠር ለተናጋሪዎቹ ብቻ የሚቀር ችግር አይደለም።

እንግዲህ ጥሪት ይሰብሰብ ስንል «ማን ይሰብስብ፣ ማንስ ይያዘው» የሚለው ከመጠኑ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ኒውዚላንድ ውስጥ ቴ ሂኩ ሚዲያ የተባለ የማኦሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡን በራሱ ቋንቋ ዐረፍተ ነገሮች እያነበበ እንዲቀርጽ ጠራ። በአሥር ቀን ውስጥ 2,500 ያህል ሰዎች ተመዝግበው ከ300 ሰዓት በላይ ድምፅ ሰጡ። ከዚያም በላይ የሚደነቀው ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ ክምችቱን ለውጭ ኩባንያዎች አሳልፈው ሳይሰጡ «ካይቲያኪታንጋ» ባሉት የአደራ ፈቃድ አሰሩት። ድምፁ የሕዝቡ ነው፣ ጣቢያው አደራ ጠባቂ ነው፣ የሚጠቀምበትም ለሕዝቡ የሚመለስ ጥቅም ማሳየት አለበት። የንግግር መለያ ሥርዓቱንም ራሳቸው ሠሩ።

እኛ ዘንድ የሕግ መነሻ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲም በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። አዋጁ የሚያተኩረው በግለሰብ መረጃ ላይ ነው። አንድ ሰው የገዛ ድምፁ ላይ መብት አለው፤ የአንድ ሕዝብ ተረት፣ ምርቃት፣ የጊፋታ በዓል ጭፈራ ተሰብስቦ ሞዴል ሲሆን ግን ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሌላ ስምምነት ይጠይቃል።

ሶዶ ለዚህ የማሰባሰብ ሥራ የሚሆን እጅ አላት። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ወላይትኛን በትምህርት ክፍል ደረጃ ያስተምራል። የጃፓኑ ሞቶሚቺ ዋካሳ እ.ኤ.አ. በ2008 ያጠናቀቀው ሰፊ የወላይትኛ ሰዋስው ጥናት ለምልክት አሰጣጥና ለእርማት መነሻ ይሆናል። የመጀመሪያ ደረጃ የመማሪያ መጻሕፍት አሉ፤ ከቅዱስ መጽሐፍ የሚለየውን የሒሳብና የሳይንስ ቃል የያዙት እነርሱ ናቸው። ወጌታ ኤፍኤምን የመሰሉ የከተማዋ ጣቢያዎች ደግሞ ዜና፣ የጤና ምክርና የአድማጭ ስልክ በወላይትኛ ያስተላልፋሉ፤ በድምፅ በኩል ከዚህ የበለጠ ጥሪት የለም፣ ሴቱም ወንዱም፣ ገበሬውም ነጋዴውም በለመደው አነጋገር ይሰማበታልና።

አንድ ጣቢያ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢያስቀምጥ በ23ኛው ቀን ከ2020ው ክምችት ያልፋል። የሚከብደው ክፍል ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ድምፁን ሰምቶ፣ መርዘሙንና መጥበቁን ጠብቆ፣ ሰባቷን በቦታዋ አድርጎ በጽሑፍ ማስፈር። ለአንድ ሰዓት ንግግር ብዙ የሥራ ሰዓት ይሄዳል፤ ሠራተኛው ወላይትኛ ተምሮ የተመረቀና ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሊሆን ይችላል፣ ደመወዝም ይገባዋል። ከዚያም በፊት ለሚደውለው አድማጭ በራሱ ቋንቋ የሚነበብ አጭር የፈቃድ ጽሑፍ መዘጋጀት አለበት፦ ድምፅህ ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚይዘው፣ «አውጡልኝ» ብትል ወዴት እንደምትደውል።